«ስንተኛ ወጣ?» ከማለታችሁ በፊት፦ ለጅማ ወላጆች ግልጽ ደብዳቤ

ለጅማ ከተማ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ግልባጭ፦ ለጅማ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፤ ለየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት

ጉዳዩ፦ የልጆቻችንን የሒሳብ ትምህርትና የቤት ውስጥ የጥናት ልማድ ይመለከታል

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ካርድ በሚሰጥበት ቀን ከአብዛኛው ወላጅ የምሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንተኛ ወጣ?» የሚል ነው። ደረጃው ከታየ በኋላ ጣት ወደ ሒሳቡ መስመር ይወርዳል። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ አንዳንዱ አባት እዚያው እፊቴ ልጁ ላይ ያፈጥበታል። አንዳንዷ እናት ደግሞ ሳቅ ብላ «እኔም ሒሳብ ጠላቴ ነበር፤ በእኔ ወጥቶ ነው» ትላለች። ወሬው ሁሉ መጨረሻው «አስጠኚ እንቅጠርለት ይሆን?» ነው። ልጁን የከበደው መቀነስ ይሁን ክፍልፋይ፣ ማስላቱ ይሁን ጥያቄውን አንብቦ መረዳቱ ብሎ የሚጠይቀኝ ወላጅ ከስንት አንድ ነው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በዚች ጥያቄ ምክንያት ነው። ሒሳብ ማስተማር የእኛ የመምህራን ሥራ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለንም ለዚሁ ነው። እናንተ ቤት ውስጥ ሁለተኛ መምህር እንድትሆኑ አልጠይቃችሁም። የእናንተ ድርሻ ሌላ ነው፦ የጥናት ሰዓት ማስከበር፣ ልጁን መጠየቅና ሲያስረዳ ማዳመጥ፣ በየቀኑ በእጃችሁ የሚያልፈውን ሒሳብ ለእሱም ማካፈል። ለዚህ ከስምንተኛ ክፍል በላይ መማር አያስፈልግም። ጨርሶ ያልተማረም ይችለዋል።

ስለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሁላችሁም ሰምታችኋል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ በወጣ ቁጥር ከመርካቶ እስከ ኪቶ በየቡናው ስኒ ዙሪያ ሲብጠለጠል ይሰነብታል፤ ከዚያ ይረሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ ስምንት ዓመት ቀድሞ፣ አራተኛ ክፍል አካባቢ የሚሆነው ነው። ሒሳብ ከታሪክ ወይም ከኅብረተሰብ ትምህርት የሚለይበት አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ትናንት ያለፈህ ነገር ዛሬ ተመልሶ መንገድ ይዘጋብሃል። ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ መቶኛ አይገባውም፣ መቶኛ ያልገባው ወለድ አይገባውም፣ አሉታዊ ቁጥር ያልገባው አልጀብራ ላይ ቆሞ ይቀራል። ስድስተኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና ሲመጣ፣ ስምንተኛ ላይ ሲደገም፣ ችግሩ ያኔ የተፈጠረ ይመስለናል።

«እኔ ምኑን አውቄ?»

አንዲት ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጥ እናት፣ ልጇ የቤት ሥራ ሳይሠራ እየመጣ ስለተቸገርኩ ትምህርት ቤት አስጠርቻት «ቲቸር፣ እኔ ምኑን አውቄ ልርዳው? ሒሳብ የሚባል አላውቅም» አለችኝ። ይህችው ሴት የሰፈሯ እቁብ ሰብሳቢ ናት። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ማን ደርሶታል፣ ማን በምትክ ወሰደ የሚለውን በቃሏ ይዛ ነው የምትዞረው። ሃያ ሰው በሳምንት አምስት አምስት መቶ ብር ቢጥል ዕጣው ስንት እንደሆነና ዙሩ በስንት ሳምንት እንደሚያልቅ ለመናገር ወረቀት አትፈልግም። ኮረሪማ በኪሎ ገዝታ በስኒ እየሰፈረች ስትሸጥ ትርፏ የት እንዳለ ከማናችንም በላይ ታውቃለች። ልጇ ክፍል ውስጥ የሚያቅተው ነገር ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እሱ በደብተር ላይ መሥራቱ ብቻ ነው።

ታዲያ «ሒሳብ አላውቅም» የምትለው ቃል ልጁ ጆሮ ስትገባ ብዙ ታበላሻለች። በ2015 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር አጥንተው ነበር። ሒሳብ የሚያስፈራቸው ወላጆች ልጆች በዓመቱ ውስጥ ከሌሎቹ ያነሰ ሒሳብ ተማሩ፤ ፍርሃቱም ተጋባባቸው። የሚገርመው፣ ይህ የታየው እነዚያ ወላጆች የቤት ሥራውን ቶሎ ቶሎ ሲያግዙ በነበረበት ቤት ብቻ ነው። የሚፈሩት ግን እምብዛም የማያግዙት ወላጆች ልጆች ላይ ጉዳቱ አልታየም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት «አታግዙ» የሚል ትምህርት አይደለም። እየተጨነቁ፣ እየተነጫነጩ፣ «ይህም ይከብዳል እንዴ!» እያሉ ማስረዳት ጉዳት አለው ማለት ነው። እርሳሱን ከልጁ እጅ አትቀበሉት። ጠይቁት እንጂ አታስተምሩት።

ምን ብለን እንጠይቅ ለምትሉ፣ እኔ የምወዳቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ «ጥያቄው ምን እያለ ነው?»፣ «ይህን እንዴት አገኘኸው?»፣ «መልሱ ያስኬዳል?» መልሱን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ልጁ ሲያስረዳ ከተንተባተበ ያልገባው ቦታ እዚያው ጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ራሱ «ቆይ ቆይ» ብሎ ያስተካክለዋል። ካልቻለ ደብተሩ ጥግ ላይ ምልክት አድርጎ ነገ መምህሩን ይጠይቅ። ያን ምልክት ሳይ፣ እመኑኝ፣ ደስ ነው የሚለኝ።

ሦስተኛዋ ጥያቄ በተለይ ብዙ ታድናለች። ግማሽን ከሲሶ ጋር ደምር ሲባል ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሮ ሁለት አምስተኛ የሚል ልጅ በየክፍሉ አለ። ይህን ልጅ በሕግና በቀመር ከማስጨነቅ «ግማሽ ዳቦ ይዘህ ሲሶ ቢጨመርልህ፣ ዳቦህ ከግማሽ ያንሳል?» ብትሉት ይስቃል። ሁለት አምስተኛ ከግማሽ እንደሚያንስ ካወቀ መልሱን ራሱ ይሰርዘዋል። ድፎ ዳቦ ስትቆርሱም ይህን መጠየቅ ይቻላል፤ ለስድስት ሰው እኩል፣ ከዚያ ሁለት እንግዳ ሲጨመርስ?

ሌሎችም በየቀኑ የማያቸው ስሕተቶች አሉ። 0.35 ከ0.5 ይበልጣል የሚል ልጅ አለ፤ 35 ከ5 ስለሚበልጥ። ሠላሳ አምስት ሳንቲምና ሃምሳ ሳንቲም ብሎ የሚያስበው ቢኖር ኖሮ አይሳሳትም ነበር፤ ግን ሳንቲም ከእጃችን ስለጠፋ የዛሬ ልጆች ያንን አያውቁትም፤ በሜትርና በሴንቲሜትር ብታሳዩት ይሻላል። 8 + 4 = ___ + 5 የሚል ስሰጥ 12 ብሎ የሚሞላው ብዙ ነው፤ የእኩል ምልክት «መልሱን እዚህ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ይመስለዋል። ሚዛን ሁለት ጎን እንዳለው ያየ ልጅ 7 ይላል። ትንንሾቹ ደግሞ መቶ አምስትን 1005 ብለው ይጽፋሉ፤ መቶ ጻፉ፣ ከዚያ አምስት ጨመሩበት። ግድግዳችሁ ላይ የግእዝ ቁጥር ያለበት የቀን መቁጠሪያ ካለ፣ መቶ አምስት በግእዝ ልክ ልጁ እንዳሰበው ፻፭ ተብሎ እንደሚጻፍ አሳዩት። የግእዙ አጻጻፍ ዜሮ የለውም፤ መቶ የራሱ ምልክት አለው። የእኛ የዕለት ቁጥር ግን ቦታ ነው የሚቆጥረው፤ ዜሮዋ የአሥሩን ቦታ ይዛ ትቆማለች። እንዲህ ዓይነቱ ወሬ ከአንድ ገጽ መልመጃ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ልጁን «ደደብ» ከማለት እንደሚበልጥማ ግልጽ ነው።

ጅማ ተወልዶ ሒሳብ ከየት ይጠፋል?

ሐሙስ ገበያ ነው። ልጃችሁን ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ዘንቢል ብቻ አታስይዙት። የያዛችሁትን ብር ንገሩት፣ የምትገዙትን ንገሩት፣ ከመድረሳችሁ በፊት በግምት ይንገራችሁ፦ ይበቃል ወይስ አይበቃም? ግምት እኛ መምህራን በጣም የምንፈልገው፣ ልጆች ደግሞ በጣም የሚጠሉት ነገር ነው፤ ክፍል ውስጥ ትክክለኛ መልስ ካልሆነ ዋጋ የሌለው ይመስላቸዋል። ገበያ ላይ ግን የማይገምት ሰው ይታለላል። ሲመለስ መልሱን እሱ ይቁጠር።

ቡናውስ? ከጎማ፣ ከማና፣ ከሊሙ ዘመድ የሌለው የጅማ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ንግዱ በፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል ስንት ፈረሱላ ይወጣዋል? አምስት፣ ከዚያ 15 ኪሎ ይተርፋል። የተረፈው ስድስተኛ ፈረሱላ ለመሙላት ስንት ይጎድለዋል? የፈረሱላው ዋጋ ይህን ያህል ከሆነ ኪሎው ስንት መጣ? ይህ ቀሪ ያለው ማካፈል ነው፤ ልጆች ለምን እንደሚማሩት ሳያውቁ የሚማሩት። ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ቡና ደርቆ ተፈልፍሎ አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ነው የሚሰጠው። ዘጠና ኪሎ እሸት የለቀመ ሰው ምን ያህል ይጠብቅ? ይህ ደግሞ ንጽጽር ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ ልጁን የሚያስለቅሰው።

ሱቅ ያላችሁ አባቶች፣ ይህን ልጃችሁን ጠይቁት፦ የአንድ ሺህ ብር ዕቃ ላይ አሥር በመቶ ጨመርኩ፤ አልሸጥ ሲል አሥር በመቶ ቀነስኩ። ወደ ድሮው ዋጋ ተመለስኩ? አብዛኛው ልጅ «አዎ» ይላል። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሆኖ፣ ከዚያ አንድ መቶ አሥር ሲቀንስ 990 ይመጣል። አሥሯ ብር የት ሄደች? ልጁ ይህን ፈልጎ ካገኘ መቶኛን እኔ ሳላስተምረው ተማረ። ዘካ ስታወጡም ልጁ አጠገባችሁ ይቀመጥ፤ 2.5 በመቶ ማለት ከየአርባው አንዱ እንደሆነ በመጽሐፍ ከሚያነበው ከእናንተ እጅ ቢያየው አይረሳውም። አሥራት ለምታወጡም እንዲሁ፤ እሱ እንኳን ቀላል ነው።

ሰዓትም አለ። ስልኩ 14:00 ሲል እኛ ስምንት ሰዓት እንላለን። ስድስት መቀነስ፣ ስድስት መጨመር፣ ከአሥራ ሁለት ሲያልፍ እንደገና መጀመር፤ በዚህ አገር ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ያለ መጽሐፍ ይሠራዋል። ሒሳብ እየሠራ እንደሆነ የነገረው ሰው ግን የለም።

ለትንንሾቹ ጨዋታ ይበቃል። በ2008 እ.ኤ.አ. ራማኒና ሲግለር የተባሉ ተመራማሪዎች ድሃ ቤተሰብ ያላቸውን የአሜሪካ ሕፃናት ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር በተርታ በተጻፈበት ሰሌዳ ላይ አጫወቷቸው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል። የልጆቹ የቁጥር ዕውቀት ከፍ አለ። ሰሌዳው ቁጥር ሳይሆን ቀለም የተቀባ ሲሆን ግን ለውጡ አልመጣም። ስለዚህ ደጃፋችሁ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሲሠመር ቁጥር ይጻፍበት። አያት ቤት ገበጣ ካለ አውጡት፤ ጠጠር ማደል፣ መቁጠር፣ «ከዚህ ብጀምር የት ያልቅብኛል?» ብሎ ማስላት ከብዙ የስልክ ጨዋታ ይሻላል።

ስለ ማባዣ ሰንጠረዥ

ከደብተር ጀርባ ያለውን ሰንጠረዥ «ሸምድድ» ብላችሁ የምትቆጡ አላችሁ፤ «መሸምደድ ድሮ ቀረ» የምትሉም አላችሁ። እኔ የመጀመሪያዎቹ ወገን ነኝ፤ ግን በልኩ። 7 ሲባዛ በ8 ስንት እንደሆነ ለማሰብ ጣቱን የሚቆጥር የሰባተኛ ክፍል ልጅ፣ ጥያቄውን እስኪጨርስ ሐሳቡ ይበተንበታል። ደግነቱ ሥራው እንደሚመስለው ብዙ አይደለም። ከአንድ እስከ አሥር መቶ መልስ አለ፤ 3 ሲባዛ በ7 ከ7 ሲባዛ በ3 ጋር አንድ ስለሆነ 55 ይቀራል። የአንድ፣ የሁለት፣ የአምስትና የአሥር ለሁሉም ቀላል ነው፤ እነሱ ሲወጡ የሚቀረው 21 ብቻ ነው። በየቀኑ ሁለት ይያዝ፤ የዛሬ ሳምንት የተያዘው ዛሬም ይጠየቅ። እሑድ ለሁለት ሰዓት ተቀምጦ ከመሸምደድ በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይበልጣል። ባጃጅ ስትጠብቁ እንኳ ይሆናል። ዘጠኝን ከአሥሩ ላይ አንዱን መቀነስ ነው በሉት፤ 9 ሲባዛ በ7፣ ሰባ ሲቀነስ ሰባት።

ስለ ሰዓትና ስለ ቤት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ፈረቃ የሚማር ልጅ ግማሽ ቀኑ በእጁ ነው። ጠዋት የሚማረው ከሰዓት በኋላውን፣ ከሰዓት የሚማረው ጠዋቱን ምን እንደሚያደርግበት የሚያውቅ ቤት ስንት ነው? ብዙ ልጆች «ጥናቴ ማታ ነው» ይሉኛል። ማታ ደግሞ መብራት ይጠፋል፤ ካልጠፋ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ ኳስ ካለ አባት ያያል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፤ ልጁ በዚህ መሐል ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ «እያጠናሁ ነው» ይላል። የሒሳብ የቤት ሥራ በቀን ብርሃን ይሠራ። ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ምሳውን በልቶ፣ ትንሽ ተጫውቶ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይቀመጥ። ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ለሰባተኛና ለስምንተኛ አንድ ሰዓት። ጠረጴዛ ከሌለ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ሳጥን ላይ ይጻፍ፤ ቦታው አንድ ይሁን እንጂ ያምራል አያምርም ማን ግድ አለው። ስልክ ግን እዚያ አይኑር። የእናንተም ጭምር፤ እናትና አባት ቲክቶክ እያዩ ልጅን «አጥና» ማለት አያስኬድም።

እንቅልፍም አለ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይተኛ ይላል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚነሣ የአራተኛ ክፍል ልጅ አሥር ሰዓት እንዲተኛ ከተፈለገ ማታ ሁለት ተኩል ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። ተከታታይ ፊልም እስኪያልቅ አራት ተኩል የሚሆንበትን ቤት አውቃለሁ፤ ልጁን ደግሞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያንጎላጅ አየዋለሁ።

ከጥቅምት እስከ ጥር የቡና ለቀማ ነው። ልጁን ለሁለት ሳምንት ወደ ገጠር የምትልኩ ቤተሰቦች፣ ችግራችሁ ይገባኛል፤ የዓመቱ ገቢ እዚያ ነው። ግን ቅዳሜና እሑድ ይሂድ። የግድ መቅረት ካለበት ቀድማችሁ ንገሩን፤ የትኛው ርዕስ እንደሚያመልጠው እንነግራችኋለን፤ መጽሐፉን ይዞ ይሂድ። ክፍልፋይ በሚጀመርበት ሳምንት የቀረ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሲያነክስ ነው የሚከርመው።

አንድ የማይነሣ ነገር ላንሣ። ብዙ ቤት ከገጠር የመጣች፣ ቤት የምትሠራና ማታ የምትማር ልጅ አለች። ልጃችሁን «አጥና» ብላችሁ ስታስቀምጡ እሷ ዕቃ ታጥባለች። እሷም ተማሪ ናት። ለእሷም ያቺው ሰዓት ትሰጣት። ሁለቱ አብረው ቢቀመጡ ደግሞ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ አንዱ ለሌላው ማስረዳት ከጥናት ሁሉ የበለጠ ጥናት ነው።

ስለ ቋንቋ

ከተማችን ውስጥ በአማርኛ የሚማር አለ፣ በአፋን ኦሮሞ የሚማር አለ። በአማርኛ የምታወሩ፣ ልጃችሁ ግን በአፋን ኦሮሞ የሚማር ወላጆች «መጽሐፉን እንኳ ማንበብ አልችልም» ትሉኛላችሁ። አትጨነቁ። ልጁ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ የተማረውን በቤቱ ቋንቋ ሲያስረዳችሁ የገባውና ያልገባው ይለያል፤ ቃላት ሸምድዶ የመጣ ከሆነ መተርጎም ያቅተዋል። ይልቅ የሚያሳስበኝ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ከዚያ ጀምሮ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው፤ እስከ ስምንተኛ ሒሳቡን አሳምሮ የሠራ ልጅ የጥያቄው ቃል ስላልገባው ብቻ ወደ ኋላ ይቀራል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ትንሽ ደብተር ይዘው የየርዕሱን የእንግሊዝኛ ስያሜ ከምሳሌ ጋር ቢያሰፍሩ ክረምቱ ሲያልፍ ይመሰገኑበታል። በሳምንት አምስት ቃል ይበቃል።

ስለ አስጠኚና ስለ ዱላ

አስጠኚ መቅጠር ክፉ አይደለም። አስጠኚው የቤት ሥራውን ራሱ ሠርቶ ልጁ ከገለበጠው ግን ገንዘባችሁን ጣላችሁት። እኔ ጋ የሚመጣው ደብተር ንጹሕ ነው፣ ሥርዝ ድልዝ የለውም፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳወጣው ልጁ ቾኩን ይዞ ይቆማል። የእሱ የሆነ ደብተር ሥርዝ አለበት። አስጠኚያችሁን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ዛሬ ልጄ ምን ተሳሳተ?» መልስ ከሌለው ሌላ ፈልጉ።

ስለ ዱላ የምለው አጭር ነው፤ የሚፈራ ልጅ አያሰላም፣ ዝም ብሎ መልስ ይወረውራል። ፊቴን እያየ መልሱን ከፊቴ ላይ ለማንበብ የሚሞክር ልጅ ሳይ ቤቱ ምን እንደሚመስል እጠረጥራለሁ። ምስጋናም ቢሆን መጠንቀቅ ይፈልጋል። በ1998 እ.ኤ.አ. ሙለርና ድዌክ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ «ብልህ ነህ» የተባሉት ልጆች ጥያቄ ሲከብዳቸው ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ገፉበት። እኛ አገር «ጎበዝ» እና «ሰነፍ» የሚባል ማኅተም አለ፤ አንዴ ከተመታ አይለቅም። «ይህችን በሌላ መንገድ መሞከርህን ወደድኩት» ማለት ምን ያህል ይከብዳል?

ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱና ለየትምህርት ቤቱ ኅብረት

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ ወላጅን ስንጠራ ምን ልንነግረው እንደምንጠራው እንድታስቡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ስብሰባ በመዋጮና በደንብ ልብስ ተጀምሮ በደረጃ ከተጠናቀቀ ወላጁ ለልጁ የሚሠራበት ነገር ይዞ አይሄድም። በየመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ ለየክፍሉ አንድ ገጽ ይዘጋጅ፤ ልጁ በሒሳብ ምን ምን እንደሚማር፣ የትኛው ቦታ ልጆችን እንደሚያስቸግር፣ ወላጅ ቤት ምን መጠየቅ እንደሚችል የሚናገር። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን። ማንበብ ለማይችሉ በድምፅ ተቀድቶ በቴሌግራም ይላክ፤ በእድር፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያንም ይነገር። እኛ የሒሳብ መምህራን ጽሑፉን በነጻ እናዘጋጃለን፤ የሚፈለገው ማባዣና ፈቃድ ነው።

ሁለተኛ፣ ካርዱ ላይ ከጠቅላላ ውጤቱ ሌላ «በዚህ ርዕስ ጠንክሯል፣ በዚህ ይታገዝ» የምትል አንዲት መስመር ትጨመር። ክፍል ውስጥ ያለው ልጅ ብዛት መስፈርቱ ካስቀመጠው ሃምሳ ሲያልፍ ይህን ለሁሉም መጻፍ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የተከታታይ ምዘናው ማስታወሻ እጃችን ላይ ስላለ ቢያንስ ወደ ኋላ ለቀሩት መጻፍ እንችላለን።

ሦስተኛ፣ ቤታቸው አንድ ክፍል የሆነ፣ መቀመጫ የሌላቸው ልጆች አሉ። ለእነሱ «የጥናት ቦታ አዘጋጁ» ማለት ስድብ ነው። ከፈረቃ ውጭ ባዶ የሚሆን ክፍል ወይም ቤተ መጻሕፍት ባለበት ትምህርት ቤት ሁሉ፣ በሳምንት ለጥቂት ቀናት ለጥናት ይከፈት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርትን መታወቂያው ያደረገ ተቋም ነው፤ የመምህራን ኮሌጅም በከተማችን አለ። ከሁለቱም በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎችን ጠይቆ ተራ ማስገባት ደብዳቤ ከመጻፍ ያለፈ ወጪ ያለው አይመስለኝም።

ይህን ደብዳቤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወደ አፋን ኦሮሞ እየመለሰችው ነው። በእድራችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ስብሰባ ላይ እንዲነበብ የምትፈልጉ በሁለቱም ቋንቋ እንደፈለጋችሁ አባዙት፤ ለእናንተ ሰፈር የማይሆነውን ሠርዙ፣ የጎደለውን ጨምሩ። የሚቀጥለው ካርድ ከመሰጠቱ በፊት የልጃችሁን መምህር ማነጋገር የምትሹም አትፈሩ፤ ብዙዎቻችን ከክፍለ ጊዜ በኋላ ግቢ ውስጥ ነን። ደብተሩን ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ መምህር
ጅማ